ቀጠሮው አመለጠኝ፣ መንጃ ፈቃዴም ታግዷል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ በመጻፍ ነው የምተዳደረው፤ ሾፌሮች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ቀጠሮዬ ዛሬ ጠዋት ነበር፤ አመለጠኝ። አሁን ምን ላድርግ?

ይሂዱ። ከሰዓት በኋላም ቢሆን ይሂዱ። መዝገቡ ገና ያልተጠራ ሊሆን ይችላል። ተጠርቶም ከሆነ የመያዣ ትእዛዙ ገና ለፖሊስ አልተላከም ይሆናል። የችሎቱን ጸሐፊ ፈልገው «ተከሳሽ እገሌ ነኝ፣ አርፍጄ ደርሻለሁ» ይበሉና መምጣትዎን ያስመዝግቡ።

ዛሬ መድረስ ካልቻሉ ነገ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት እዚያው በር ላይ ይገኙ። በማግስቱ በእግሩ የመጣ ሰውና ከወር በኋላ ፖሊስ ይዞት የመጣ ሰው በዳኛ ፊት አንድ አይደሉም። እኔ በዓይኔ የማየው ይህንን ነው። ብዙ ሰው ግን «ይጠሩኛል» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ መጥሪያ ሳይሆን ፖሊስ ሊሆን ይችላል።

መንጃ ፈቃድ «ተያዘ»፣ «ታገደ»፣ «ተሰረዘ» ሲባል ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሾፌሩ ሁሉንም «ወሰዱብኝ» ብሎ ነው የሚነግረኝ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። «ተያዘ» ማለት ትራፊክ ፖሊስ ቅጣት ጽፎ ወይም አደጋ ደርሶ መንጃ ፈቃዱ ፖሊስ እጅ ገብቷል ማለት ነው። የሚመለሰው ቅጣቱ ሲከፈል ወይም ጉዳዩ ውሳኔ ሲያገኝ ነው። «ታገደ» ማለት ለተወሰነ ጊዜ እንዳይነዱ ተከልክለዋል ማለት ነው። ካርዱ ኪስዎ ውስጥ ቢሆንም እንኳ መንዳት አይችሉም። «ተሰረዘ» ከሆነ ፈቃዱ የለም፤ እንደ አዲስ ማውጣት ነው።

እገዳ ደግሞ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው የመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው፤ የጥፋት ሪከርድ ሲጠራቀም ያግዳል። ሁለተኛው ፍርድ ቤት ነው፤ ጥፋተኛ ብሎ ሲቀጣ መንጃ ፈቃዱንም ሊያግድ ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻ ላጽፍ ብለው ሲመጡ በመጀመሪያ የምጠይቅዎት «ያገደዎት ማን ነው?» ብዬ ነው። የመንገድ ትራንስፖርትን እገዳ አንሱልኝ ብሎ የወረዳ ዳኛ ፊት መቆም የቀን ኪሳራ ነው።

ቀጠሮው የት እንደነበር ጠፍቶኛል፤ ወረቀቱም የለኝም። እንዴት አገኘዋለሁ?

ክሱን ከጻፈው የትራፊክ ፖሊስ ይጀምሩ። የትኛው ወረዳ ውስጥ እንደተያዙ ካወቁ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነም በአብዛኛው ይታወቃል። ወንጀል የሚታየው በተፈጸመበት ቦታ ነው። ደብረ ሲና ላይ የተገጨ መኪና ጉዳዩ እዚያው ወረዳ ነው የሚጀምረው፣ ሾፌሩ የደብረ ብርሃን ሰው ቢሆንም። ከበድ ያለ ክስ ከሆነ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል።

ከዚያ መዝገብ ቤት ሄደው ሙሉ ስምዎን እስከ አያት ይስጡ። ስምዎ ክሱ ላይ በተለያየ ፊደል ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል መታወቂያ ይያዙ። የመዝገብ ቁጥሩን ሲያገኙ ስልክዎ ላይ ፎቶ ያንሱት፣ ለቤተሰብም ይላኩት። ያለዚያ ቁጥር ማንም ሊረዳዎት አይችልም።

ስላልቀረብኩ እታሰራለሁ?

ሊሆን ይችላል። ተከሳሹ መጥሪያ ደርሶት ወይም ቀጠሮውን ራሱ ሰምቶ ካልቀረበ ፍርድ ቤቱ «ታስሮ ይቅረብ» ብሎ ሊያዝ ይችላል። ትእዛዙ ለፖሊስ ይሄዳል። ያለ በቂ ምክንያት አለመቅረብ ራሱን ችሎ በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ ነገር ነው።

ግን «ታስሮ ይቅረብ» ማለት «ይፈረድበት» ማለት አይደለም። ትእዛዙ የሚፈልገው እርስዎ ችሎት ፊት እንዲቆሙ ነው። ራስዎ ሄደው ከቆሙና ምክንያትዎን ካስረዱ ዳኛው ትእዛዙን ሊያነሳና አዲስ ቀጠሮ ሊሰጥ ይችላል። ይህን የምለው ሰው እንዳይሸሽ ብዬ ነው። «እታሰራለሁ» በሚል ፍርሃት ስንት ሾፌር ነው ጂንካና መተማ ሄዶ የቀረው! መጨረሻ ላይ አንድ ኬላ ላይ ይያዛል፤ ያኔ ለምን እንደጠፋ የሚያስረዳው ነገር የለውም።

ዋስ የሆነልኝ ሰውስ?

እዚህ ላይ ልቤ ይነካል። ዋስ የሚሆነው የእንጀራ ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ የድሮ የሥራ ባልደረባ ነው። አንዳንዱ ደመወዙን አስይዟል። አንዳንዱ ሊብሬውን ወይም የቤት ካርታውን። እርስዎ ሳይቀርቡ ሲቀሩ ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው። ሊያቀርብዎት ካልቻለ የፈረመበትን ገንዘብ ለመንግሥት እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል። በጥሬ ገንዘብ ያስያዙትም ሊወረስ ይችላል።

ቀጠሮው ካመለጠዎት በዚያው ቀን ለዋስዎ ይደውሉ። ከሰው አፍ እንዳይሰማው። ሲቀርቡም አብሮዎት ቢመጣ ጥሩ ነው፤ ዳኛው ዋሱ አሁንም ከኋላዎ እንዳለ ያያል። ሌላም ነገር አለ። አንዴ የቀረ ሰው ሁለተኛ ዋስትና ሲጠይቅ ይከብደዋል። ፍርድ ቤት ዋስትናን ከሚከለክልባቸው ምክንያቶች አንዱ «ግዴታውን አያከብርም» የሚል ግምት ነው።

ምን ዓይነት ምክንያት ነው ተቀባይነት የሚያገኘው?

ወረቀት ያለው ምክንያት። ዳኛው እርስዎን አያውቅዎትም፤ ማየት የሚችለው ያያያዙትን ነው። ታመው ከነበረ የሐኪም ወረቀት፣ ቀኑና ማኅተሙ የሚነበብ። ለቅሶ ከነበረ የእድሩ ወይም የቀበሌው ደብዳቤ፣ የሞተው ሰው ማን እንደሆነና የቀብሩ ቀን ተጽፎ። ጠበል ገብተው ከነበረ፣ ለምሳሌ ሸንኮራ ዮሐንስ፣ ከደብሩ አስተዳደር የተጻፈ ይዘው ይምጡ። ይህኛውን ዳኛው ሊቀበለውም ላይቀበለውም ይችላል፤ ከባዶ እጅ ግን ይሻላል።

መንገድ የእኛ አገር ዋና ምክንያት ነው። ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው ደብረ ብርሃን ለመድረስ የጣርማ በርን ዳገት መውጣት አለበት። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና መብራት እንኳ አይታይም። ዋሻው አፍ ላይ አንድ ተሳቢ ከቆመ ሰልፉ ወደ ታች ይዘረጋል። ዓለም ከተማ ያለ ሰው የጀማን ገደል ወርዶ መውጣት አለበት። በጸጥታ ችግር መንገድ የሚዘጋበት ቀንም አለ። ይህን ሁሉ ዳኛው ያውቃል፤ እሱም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። ግን «መንገድ ተዘግቶ ነበር» ብሎ መናገር ብቻውን አይበቃም። ከመናኸሪያው፣ ከቀበሌው ወይም ከአካባቢው ፖሊስ በዚያ ቀን መንገድ መዘጋቱን የሚገልጽ ወረቀት ያስጽፉ። ትኬት ቆርጠው ከነበረ ትኬቱን አይጣሉት። ባለፈው ክረምት አንድ የመሐል ሜዳ ሾፌር ጭቃ የበላት ቁራጭ ትኬት ከጋቢው ጫፍ ፈትቶ ሰጠኝ። ቀኑ ይነበብ ነበር። ከማመልከቻው ጋር በስቴፕለር አያያዝኳት፤ አዲስ ቀጠሮ ተሰጠው።

«ረሳሁት»፣ «ሥራ በዛብኝ»፣ «ባለመኪናው አልለቀቀኝም» የሚሉት በጣም ደካማ ናቸው። እውነቱ እሱ ከሆነ ግን እሱኑ ይናገሩ። የሐሰት የሐኪም ወረቀት እንዳይዙ እለምናለሁ። ያመለጠ ቀጠሮ ይስተካከላል። ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ግን ሌላ ከባድ ወንጀል ነው።

ቀኑን ተሳስቼ ነው የቀረሁት። ይህ ምክንያት ይሆናል?

እንዴት እንደተሳሳቱ ማሳየት ከቻሉ ሊረዳዎት ይችላል። አንድ ወጣት መጣ። ወረቀቱ ላይ «6/5» ተብሎ ተጽፏል፤ ጥር 6 ማለት ነው። ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ሜይ 6 ላይ ማስታወሻ ሞልቶ ተቀምጧል። ሜይ 6 ደግሞ ሚያዝያ 28 ነው። ሦስት ወር ከሃያ ቀን ገደማ አሳለፈ። እሱ በቀኑ የመጣ መስሎት ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማ አስጠርጎ ነበር የደረሰው። የመያዣ ትእዛዝ ከወጣ ቆይቷል። ስልኩ ላይ ያለውን ማስታወሻ ፎቶ አሳትመን አያያዝን። ዳኛው ገሠጹት፤ ትእዛዙን ግን አነሱለት።

ከችሎት ሲወጡ ቀኑን በቃል አይያዙ። ጸሐፊውን «ወሩን በፊደል ይጻፉልኝ» ይበሉ። ሰዓቱም እንደዚሁ። 3 ሰዓት የተባለው የእኛ 3 ሰዓት ነው፤ ስልክዎ ላይ 9 ሆኖ ነው የሚታየው። ቀጠሮው በዓል ላይ ከዋለ በማግስቱ ሄደው ይጠይቁ። ነሐሴና መስከረም ላይ ፍርድ ቤት ለዕረፍት ሲዘጋም ተረኛ ችሎት ስለሚኖር «ዝግ ነው» ብለው አይቅሩ።

ማመልከቻው ላይ ምን ይጻፋል?

አጭር ይሁን። አንድ ገጽ ይበቃል። ከላይ ቀን፣ የፍርድ ቤቱ ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የእርስዎ ስምና አድራሻ፣ ስልክ። ከዚያ ጉዳዩ በአንድ መስመር። ዋናው ክፍል እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ከላይ በተጠቀሰው መዝገብ ለጥር 6 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቀጠሮ ተይዞልኝ ነበር። በዕለቱ በድንገተኛ ሕመም ሆስፒታል ተኝቼ ስለነበር ሳልቀርብ ቀርቻለሁ። ማስረጃውን በ1 ገጽ አያይዣለሁ። የቀረሁት ሆን ብዬ ስላልሆነ የወጣው የመያዣ ትእዛዝ እንዲነሳልኝ፣ ዋስትናዬ እንዲጸናልኝና አዲስ ቀጠሮ እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ብዙ ሰው ግን ስለ አደጋው እንድጽፍለት ይፈልጋል፤ እግረኛው እንዴት ዘሎ እንደገባ፣ ፍሬኑ እንዴት እንደከዳው። ያንን አይጻፉ። ያ የመከላከያ ጉዳይ ነው፣ ቦታውም ጊዜውም ሌላ ነው። እዚህ ላይ የጻፉት ዓረፍተ ነገር በኋላ በእርስዎ ላይ ሊነበብ ይችላል። በሦስት ቅጂ ያዘጋጁና አንዱን መዝገብ ቤት አስፈርመው ወይም ማኅተም አስመትተው ለራስዎ ያስቀሩ።

እኔ ከምሄድ ወንድሜን ወይም ባለቤቴን ብልክስ?

የወንጀል ክስ ከሆነ ተከሳሹ ራሱ መቅረብ አለበት። ወንድምዎ በእርስዎ ፋንታ ቆሞ ክስ ሊሰማ አይችልም። ሆስፒታል ከተኙ ግን የሐኪም ወረቀቱን ይዞ ሄዶ ለችሎቱ ማሳወቅ ይችላል፤ ማሳወቁም ብዙ ይረዳል። በዚያው ቀን የደረሰ ወረቀት ትእዛዝ እንዳይወጣ ሊያደርግ ይችላል።

የካሳ ክስ፣ ማለትም የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ከሆነ፣ በውክልና ሰው መላክ ይቻላል። ውክልናው በሕግ አግባብ የተረጋገጠ ይሁን። በቃል «ሂጅልኝ» የተባለች ሚስት ከበር ስትመለስ አይቻለሁ፤ ልጅ አዝላ ከእነዋሪ ድረስ መጥታ።

ጠበቃ የግድ ያስፈልገኛል?

ቀጠሮ ለማስቀየር ብቻ ከሆነ አብዛኛው ሰው ያለ ጠበቃ ይጨርሰዋል። ሰው የሞተበት ወይም ከባድ ጉዳት የደረሰበት አደጋ ከሆነ ግን ጠበቃ ይያዙ። እንደ ሾፌር ሌሎችን የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሰው ከገደለ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራትና መቀጮ ነው፤ ሕጉን ሆን ብሎ ተላልፎ ከሆነ ከዚያም ይብሳል። እኔ ማመልከቻ እጽፋለሁ እንጂ እንዲህ ያለውን ክስ መከራከር የጠበቃ ሥራ ነው።

አቅም ከሌለዎት ለዳኛው በግልጽ ይንገሩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ፣ ጠበቃ ማቆም ባለመቻሉ ፍትሕ የሚጓደልበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ተከላካይ ጠበቃ የሚባለው ይኸው ነው። እዚያው አንቀጽ ላይ ችሎቱ የሚሠራበትን ቋንቋ የማይሰማ ሰው አስተርጓሚ የማግኘት መብት እንዳለውም ተጽፏል። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ሾፌሮች ይህን ሳያውቁ «እሺ፣ እሺ» ብለው ሲወጡ አያለሁ።

መጥሪያው አልደረሰኝም። ስለ ቀጠሮው የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

ይህ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ እውነት ከሆነ። መጥሪያ በአግባቡ መድረሱ መረጋገጥ አለበት። መዝገቡ ውስጥ «ደርሶታል» የሚል መልስ ካለ ማን እንደፈረመ ጠይቀው ይዩ። አንዳንዴ የድሮ አከራይ ፈርሞ ይገኛል። አንዳንዴ ባለመኪናው ተቀብሎ ኪሱ ከትቶት ረስቶታል። አድራሻ ሲቀይሩ፣ በተለይም ከአንድ ባለመኪና ወደ ሌላ ሲዛወሩ፣ አዲሱን ስልክዎን ለመዝገብ ቤቱ ያስመዝግቡ።

እስከዚያው ድረስ መንዳት እችላለሁ?

መንጃ ፈቃዱ ከታገደ አይችሉም። ለአንድ ቀንም፣ ለአንድ ጉዞም። «ቀጠሮዬ ላይ ለመድረስ ነው» የሚለውም አይሠራም፤ ራሱን እየነዳ እገዳውን ሊያስነሳ የመጣ ሰው አጋጥሞኛል። በሚኒባስ ይሂዱ።

ተይዞብዎት ብቻ ከሆነ በምትኩ የተሰጠዎትን ወረቀት ያንብቡ። ለስንት ቀን እንደሚያገለግል ይጻፍበታል። ቀኑ ካለፈ ያለ መንጃ ፈቃድ እንደሚነዳ ሰው ይቆጠራሉ።

ባለመኪኖች ይህንን አንብቡልኝ። «ከተማ ውስጥ ትንሽ ሥራ፣ ማንም አያይህም» ብላችሁ የታገደ ሾፌር አታስወጡ። አደጋ ከደረሰ ኢንሹራንሱ ለተጎዳው ሰው ከፍሎ ገንዘቡን ከእናንተ ሊጠይቅ ይችላል። የራሳችሁን መኪና ጉዳትማ «ሾፌሩ ፈቃድ አልነበረውም» ብሎ ሊተወው ይችላል። ሾፌሩም ቤተሰብ አለው፤ እምቢ ቢል ሥራውን እንደሚያጣ ስለሚያውቅ ነው እሺ የሚላችሁ።

ኬላ ላይ ትእዛዝ ወጥቶብሃል ተብዬ ብያዝስ?

አይሩጡ፣ አይከራከሩ፣ ገንዘብም አይዘርጉ። የየትኛው ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደሆነና የመዝገብ ቁጥሩን ይጠይቁ። ለቤተሰብና ለዋስዎ እንዲደውሉ ይጠይቁ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከተያዙበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ በግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ያለ መብት ነው። ችሎት ሲቀርቡ ያለመቅረብዎን ምክንያትና ማስረጃ እዚያው ያቅርቡ። ማስረጃውን ቤት ያለ ሰው ቀድሞ ይዞት ቢጠብቅዎ ጊዜ ያተርፋሉ።

ከተጎጂው ቤተሰብ ጋር በሽማግሌ ታርቀናል። ለምን ፍርድ ቤት እሄዳለሁ?

ይህ በብዛት የሚያሳስተው ጉዳይ ነው። በእኛ አገር ሰው ሲጎዳ ሽማግሌ ይላካል። ቄስ ይቀመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ አብሮ ይበላል። ሾፌሩም እፎይ ብሎ «አለቀ» ይላል። ቀጠሮውን ይተወዋል። ከዚያ ፖሊስ ሲመጣ «እኛኮ ታርቀናል!» ብሎ ይደነግጣል።

እርቁ የእርስዎና የቤተሰቡ ነው። ክሱን የያዘው ግን ዐቃቤ ሕግ ነው፤ እሱ ከሽማግሌው ፊት አልተቀመጠም። በግል አቤቱታ ብቻ የሚታዩ ቀላል ጉዳዮች ላይ ተጎጂው አቤቱታውን ሊያነሳ ይችላል፤ ያንንም ቢሆን ሄዶ በጽሑፍ ማድረግ አለበት። ሰው የሞተበት ጉዳይ ግን በእርቅ አይዘጋም።

እንዲህ ስል እርቁ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። እጅግ ትልቅ ነገር ነው። ተጎጂውን መርዳት፣ መካስ፣ መጸጸት በወንጀል ሕጉ ቅጣት ከሚያቀልሉ ምክንያቶች ውስጥ ነው። ስለዚህ የእርቁን ወረቀት ይዘው ይቅረቡ። ሽማግሌዎቹ የፈረሙበት፣ የተከፈለው ገንዘብ በቁጥርና በፊደል የተጻፈበት፣ የቤተሰቡ ተወካይ የተቀበለበት ይሁን። ከተቻለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አብሮዎት ይምጣ። አንድ ጊዜ የሟች አባት ከሾፌሩ ጎን ቆመው አየሁ። ማንም አላስገደዳቸውም። ሾፌሩ ቀጠሮውን ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ያ ቀን አይኖርም ነበር።

በሌለሁበት ሊፈረድብኝ ይችላል?

የወንጀልና የካሳ ክስ እዚህ ላይ ይለያያሉ። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከሳሽ በሌለበት ክስ የሚሰማው በዋናነት 12 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት በሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው። አብዛኛው የሾፌር ክስ ከዚህ በታች ነው። ስለዚህ በብዛት የሚሆነው መዝገቡ «ተከሳሹ ሲገኝ ይንቀሳቀሳል» ተብሎ መቆሙ ነው። ቆመ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። «ይርጋ ያልፈዋል»፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው ያልቃል፣ ብለው የሚያማክሩ ሰዎች አሉ፤ ይርጋው ግን ክሱን ለመከታተል በሚወሰድ እርምጃ እየተቋረጠ እንደገና ይጀምራል። በሌሉበት ተፈርዶ ከተገኘ ደግሞ ፍርዱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ይነሳልኝ ብለው ማመልከት ይችላሉ። መጥሪያ እንዳልደረሰዎት ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት እንደቀሩ ማሳየት አለብዎት።

የካሳ ክስ ግን በሌሉበት ይቀጥላል። ከሳሽ ቀርቦ እርስዎ ከቀሩና መጥሪያ መድረሱ ከተረጋገጠ ጉዳዩ ያለ እርስዎ ይሰማል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 78 ፍርዱን ካወቁ በኋላ አንድ ወር ይሰጥዎታል። አንድ ወር ብዙ ይመስላል። ማስረጃ ለመሰብሰብ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ሁለት ሦስቴ ሲመላለሱ ያልቃል።

ተፈርዶብኝ መንጃ ፈቃዴም ታገደ። ይግባኝ ማለት እችላለሁ?

ይችላሉ። በወንጀል ጉዳይ ይግባኝ የማለት ሐሳብዎን ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ያሳውቃሉ፤ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰዎት በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን ያስገባሉ። በካሳ ጉዳይ 60 ቀን ነው። ይግባኝ ስላሉ ብቻ እገዳው አይነሳም። ያንን ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንድ ሰው «በ10 ሺህ ብር መዝገቡን አጠፋልሃለሁ» አለኝ። ልመነው?

አይመኑት። የተያዘ መዝገብ በእንዲህ ዓይነት ሰው አይጠፋም። ገንዘቡን ይወስዳል፣ ሁለት ሦስት ቀጠሮ «አትሂድ፣ ጨርሼዋለሁ» እያለ ያስቀርዎታል፣ ከዚያ ስልኩን ያጠፋል። ሰሚት ላይ መኪናውን ሸጦ የከፈለ ሰው አውቃለሁ። ሲያዝ ሦስት ያመለጡ ቀጠሮዎች ነበሩት፤ አንዱንም የቀረው በራሱ ምክንያት አልነበረም፤ ይህንን ግን ለዳኛ ማስረዳት አልቻለም። ደግሞም ጉቦ ሰጪም ተጠያቂ ነው።

የእገዳው ጊዜ አልቋል፤ ግን ያመለጠኝ ቀጠሮ አሁንም አለ። መንጃ ፈቃዴን መቀበል እችላለሁ?

ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚታዩት። የመንገድ ትራንስፖርት እገዳ ጊዜው ቢያልቅም ፍርድ ቤት ያለው መዝገብ አብሮ አያልቅም። መንጃ ፈቃዱን ተቀብለው መንገድ ቢወጡ እንኳ የመያዣ ትእዛዙ እንዳለ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፍርድ ቤት። ማመልከቻዎን አስገብተው፣ ችሎት ቀርበው፣ ትእዛዙ መነሳቱን የሚያሳይ የትእዛዝ ግልባጭ በእጅዎ ይያዙ። ግልባጩ ለፖሊስ መድረሱንም ይጠይቁ። ፍርድ ቤት ያነሳው ትእዛዝ ኬላው ላይ ሳይሰረዝ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አንድ ቅጂ በላስቲክ ጠቅልለው ከሊብሬው ጋር መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ መንገድ ትራንስፖርት ሄደው እገዳው ማለቁን በጽሑፍ ይቀበሉና መንጃ ፈቃድዎን ይረከቡ።